ያው እጅ የሣላቸውን ሌሎቹንም አሳዩን

ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ባለፈው እትማችሁ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ መጽሔቶች ላይ ስለወጡ የፖለቲካ ካርቱኖች የጻፋችሁትን ሁለቴ አነበብኩት። በጣም ደስ ብሎኛል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ በአማርኛ እንደ ልብ አይገኝም፣ የጻፈውም ሰው እጁ ይባረክ። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ሁለት ቀን አሰላስዬው አልለቀኝ ሲል ነው ይህን ደብዳቤ መጻፍ የጀመርኩት። ጽሑፉ ካርቱን ሠዓሊውን ቶማስ ናስትን በአንድ እርሳስ ብቻ ሌቦችን ጠራርጎ እስር ቤት የከተተ ጀግና አድርጎ ተሰናበተው። ታሪኩ እዚያ አላለቀም። የተጀመረውም እዚያ አይደለም። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ስለ ትዊድ የጻፋችሁት ልክ ነው። ሰውየው ዓይን ያወጣ ሌባ ነበር። በ1860ዎቹ መጨረሻ ኒው ዮርክ ከተማ በእጁ ነበረች ማለት ይቻላል። ታማኒ ሆል የሚባለውን የዴሞክራቶች ድርጅት የሚመራው እሱ ነው። ከንቲባው ኦኪ ሆል፣ የሒሳብ ሹሙ ሪቻርድ ኮኖሊ፣ የከተማዋን ካዝና የሚይዘው ፒተር ስዊኒ፣ ሁሉም የእሱ ሰዎች ናቸው። አሠራራቸው ደግሞ ቀላል ነው። ለከተማው ግድግዳ የለሰነ ወይም ወንበር ያቀረበ ነጋዴ ደረሰኙን ብዙ እጥፍ ያንረዋል፣ ሒሳብ ክፍሉ ሳይጠይቅ ይከፍላል፣ ከዚያ ትርፉን ይካፈሉታል። አንድ የፍርድ ቤት ሕንፃ መጀመሪያ 250,000 ዶላር ተመድቦለት ነበር። በኋላ ሲሰላ የወጣበት ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆኖ ተገኘ። ለአንድ ሕንፃ!

አሁን ኦገስት 19 ቀን 1871 ሐርፐርስ ዊክሊ በሚባለው መጽሔት ላይ የወጣውን የናስት ሥዕል ቀረብ ብላችሁ እዩት። ወንዶች ክብ ሠርተው ቆመዋል። ከፊት ትዊድ አለ፤ ሆዱ ተነፍቶ፣ ደረቱ ላይ አልማዝ ሰክቶ። ከሥር ጥያቄ ተጽፏል፦ «የሕዝቡን ገንዘብ የሰረቀው ማነው?» መልሱ «እሱ ነው» የሚል ነው። እያንዳንዱ ሰው ጣቱን አጠገቡ ወዳለው ቀስሯል። ትዊድ ወደ ጎረቤቱ፣ ጎረቤቱ ወደሚቀጥለው፣ እየዞረ እየዞረ መጨረሻ ተመልሶ ትዊድ ጋ ይደርሳል። ዓይናችሁ ክቡን አንዴ ከዞረ በኋላ ሌላ ማስረጃ የሚያስፈልጋችሁ አይመስላችሁም። ይህን ሥዕል ስንቴ እንዳየሁት አላውቅም፣ ሁልጊዜ ግን ዓይኔ ያንን ክብ ይዞራል።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ደግሞ ፊት የሌለው ትዊድ ሣለ። ሰውነቱ ያው ወፍራሙ ሰውነት ነው፣ ኮትና ሰደርያው ያው ነው፣ በጭንቅላቱ ፋንታ ግን የገንዘብ ከረጢት ተቀምጧል። የዶላሯ ምልክት ዓይንና አፍንጫ ሆናለች። የሚገርመው ፊቱ ሳይኖርም ማን እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል። ናስት ያንን ሆድና ያንን አልማዝ ለወራት በየሳምንቱ ሲሥል ስለከረመ አንባቢው ሰውየውን ከአንገት በታች ለይቶታል። ትዊድ ስለ ጋዜጣ ጽሑፍ ግድ እንደሌለው፣ የእሱ መራጮች ማንበብ ባይችሉም እነዚያን የተረገሙ ሥዕሎች ግን ከማየት የሚያግዳቸው እንደሌለ ተናግሯል ይባላል። ናስት ሥዕል ለመማር በሚል ሰበብ አውሮፓ ቢሄድ መጀመሪያ 100,000 ዶላር፣ በመጨረሻም 500,000 ዶላር እንደሚሰጠው ተነግሮት እምቢ ማለቱም ይተረካል።

እነዚህ ሥዕሎች እንዴት እንደሚታተሙ ሳውቅ ደግሞ ይበልጥ ተገረምኩ። ናስት ጠጣር እንጨት ላይ በእርሳስ ነበር የሚሥለው፣ ያውም ግራና ቀኙን ገልብጦ፣ ሲታተም እንዲቃና። አንድ ገጽ የሚያክል እንጨት ስለማይገኝ ትንንሽ ቁራጮች በብሎን ይያያዛሉ። ከዚያ ቀራጮቹ ይቀበሉታል። ጊዜ ሲጠብ ብሎኑን ይፈቱና እያንዳንዱ አንድ አንድ ቁራጭ ይዞ ይቀመጣል፤ አንዱ የትዊድን ሆድ፣ ሌላው ጫማውን። የእርሳሱ መስመር ብቻ ከፍ ብሎ እንዲቀር ዙሪያውን በቀጭን መቅረጫ ይፍቁታል። ሲጨርሱ መልሰው ያሥሩታል፣ መጋጠሚያውን ያስተካክሉታል፣ ወደ ማተሚያው ይሄዳል። አንዳንዱ ሥዕል ላይ ዛሬም ብታተኩሩ ቁራጮቹ የተጋጠሙበት ቀጭን ነጭ መስመር ይታያል። ለአንድ ሳምንት ቀልድ ይህ ሁሉ እጅ ተረባርቦበታል። ስማቸውን ማንም አያነሳም።

ስማቸው የማይነሳ ሰዎች ካልኩ አይቀር፣ የእናንተም ጽሑፍ የዘለለው ሰው አለ። ማቲው ኦሩርክ ይባላል። የሒሳብ መዝገብ ያዥ ነበር። የካውንቲው ሒሳብ መርማሪ በ1871 መጀመሪያ ላይ በበረዶ ላይ ጋሪ አደጋ ሲሞት የሰዎች ሽግሽግ ተደረገና ኦሩርክ መዝገቦቹ ያሉበት ቦታ ላይ ተመደበ። ያየውን ማመን አልቻለም። ዝም ብሎ ቁጥሮቹን መገልበጥ ጀመረ። የታማኒ ሰው የነበረውና በኋላ ከትዊድ ጋር የተጣላው የቀድሞው ሸሪፍ ጀምስ ኦብራየንም በበኩሉ የሒሳብ ግልባጭ በእጁ አስገብቶ ነበር። እነዚህ ወረቀቶች ኒው ዮርክ ታይምስ ደረሱ። ጋዜጣው በጁላይ 1871 በተከታታይ አወጣቸው፣ ለማን ስንት እንደተከፈለ በቁጥር። ጁላይ 29 ቀን ደግሞ ለብቻው ተጨማሪ ቅጽ በእንግሊዝኛና በጀርመንኛ አሳተመ፣ ምክንያቱም ከተማው ውስጥ ጀርመንኛ የሚያነብ መራጭ ብዙ ነበር።

ቀኖቹን አስተያዩልኝ። ቁጥሩ ጁላይ ላይ ወጣ። የክቡ ሥዕል ኦገስት ላይ ወጣ። እርግጥ ናስት ትዊድን ከዚያ በፊትም ጥርስ ነክሶበት ነበር፣ ሲሥለውም ከርሟል። ግን ያ ጣት የሚቀሳሰሩበት ክብ የዚያን ያህል የሠራው አንባቢው ቁጥሩን አስቀድሞ ስላየው ነው። ሥዕሉ ውስጥ ያሉት ነጋዴዎች ታይምስ በስማቸው ያወጣቸው ነጋዴዎች ናቸው። ጽሑፋችሁ ኦሩርክን በአንድ መስመር እንኳ ቢያነሳው ምን ነበረበት? በሰው ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ያንን ሁሉ ቁጥር ሲገለብጥ ብትታዩት... እኔ ሁልጊዜ የሚታየኝ እሱ ነው። ቢያዝ ማን ይደርስለት ነበር?

የመጽሔቱ ባለቤቶችም ዋጋ ከፍለውበታል። ሐርፐርስ ከመጽሔቱ ሌላ የመማሪያ መጻሕፍት ያትማል፣ ለኒው ዮርክ ትምህርት ቤቶችም ይሸጣል። ታማኒ መጽሐፎቻችሁን አንገዛም አለ። ከባድ ገንዘብ ነው። ከወንድማማቾቹ ባለቤቶች መካከል ነገሩ ይቅርብን ያሉ ነበሩ፣ ፍሌቸር ሐርፐር ግን ከናስት ጎን ቆመ። የእሱ ውሳኔ ባይኖር ናስት የፈለገውን ቢሥል እንጨቱ ማተሚያ ቤት አይደርስም ነበር።

የስፔኑን ታሪክ ስለጻፋችሁት አልደግመውም። በአጭሩ ትዊድ በ1875 መጨረሻ ከጠባቂዎቹ አምልጦ በኩባ በኩል ስፔን ገባ፣ በ1876 ቪጎ ላይ ሲያዝ የለዩት በናስት ካርቱን ነው። ሥዕሉ ላይ የእስረኛ ልብስ ለብሶ ሁለት ልጆችን አንገታቸውን ይዟል፣ ስፔኖቹም ልጅ ጠላፊ መስሏቸው ነበር ይባላል። ኤፕሪል 1878 እዚያው ኒው ዮርክ እስር ቤት ውስጥ ሞተ። እስከዚህ ድረስ እንስማማለን።

የማልስማማው ከዚህ ወዲያ ነው። ትዊድ ከወደቀ በኋላ የናስት እርሳስ አላረፈም። በ1872 የፕሬዚዳንት ምርጫ መጣ። የናስት ሰው ጄኔራል ግራንት ነበር። ተፎካካሪው ሆራስ ግሪሊ ይባላል፣ የኒው ዮርክ ትሪቢዩን አዘጋጅ፣ ባርነትን ለዓመታት በጽሑፍ የታገለ ሰው። ግሪሊ የሕዝብ ገንዘብ አልሰረቀም። ናስት ግን ትዊድን በሣለበት እጅ ሣለው። ግሪሊ ሰሜንና ደቡብ ይታረቁ ብሎ ስለሰበከ፣ ናስት በሊንከን መቃብር ላይ ከገዳዩ ጋር እጅ ሊጨባበጥ የተዘረጋ ሰው አደረገው። በየሳምንቱ፣ በየሳምንቱ። ለምክትልነት የቀረበውን ግራትዝ ብራውንን ደግሞ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ፎቶ በእጁ ስላልነበረ በግሪሊ ኮት ላይ የተንጠለጠለች ቁራጭ ወረቀት አድርጎ ሣለው፣ ስሙ ተጽፎባት። ሰውየው እስከ መጨረሻው ወረቀት ሆኖ ቀረ። ምርጫው ሊደረግ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ የግሪሊ ሚስት ሞተች። ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ በሰፊው ተሸነፈ። ወሩ ሳያልቅ እሱም ሞተ። የገደለው ካርቱን ነው አልልም። ግን ያንን የሊንከን መቃብር ሥዕል ባየሁት ቁጥር ደስ አይለኝም፣ ጥበቡን እያደነቅኩም ደስ አይለኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የእርስ በርስ ጦርነቱ ባለቀበት ዓመት፣ ኦገስት 5 ቀን 1865፣ ናስት አንድ ሥዕል አወጣ። ኮሎምቢያ የምትባለው፣ አሜሪካን የምትወክለው ሴት ቆማለች። አጠገቧ አንድ ጥቁር ወታደር አለ። የሰሜኑን መለዮ ለብሷል። አንድ እግሩ ተቆርጧል፣ በክራንች ነው የቆመው። እጇን ትከሻው ላይ አድርጋ ትጠይቃለች፦ «ይህስ ሰው?» ማለትም የከዱትን የደቡብ ሹማምንት ይቅር ብለን መብታቸውን ልንመልስ ከሆነ፣ ለዚህች አገር እግሩን የሰጠ ሰው የመምረጥ መብት ለምን ይነፈጋል? የወታደሩ ፊት የሰው ፊት ነው። ረጋ ያለ፣ ክብር ያለው ፊት። ይህን ሥዕል ስወደው ልነግራችሁ አልችልም።

ዘጠኝ ዓመት ዝለሉ። ማርች 14 ቀን 1874፣ ያው መጽሔት፣ የፊት ገጽ፣ ያው እጅ። የሳውዝ ካሮላይና ምክር ቤት ጥቁር ተወካዮች ናቸው። አፋቸው ተከፍቷል፣ ከንፈራቸው ተጋንኗል፣ እየተጯጯሁ ይደባደባሉ። ያቺው ኮሎምቢያ አርጩሜ ይዛ ትገስጻቸዋለች። ያ ባለ አንድ እግር ወታደር ተመርጦ እዚያ ወንበር ላይ ቢቀመጥ ናስት እንዲህ ነበር የሚሥለው ማለት ነው? እና ደግሞ በዚያው በ1874፣ ስምንት ወር ሳይቆይ፣ ናስት የደቡብ ነጭ ታጣቂዎች ጥቁሮችን ከሚያሸብረው ከኩ ክላክስ ክላን ቡድን ጋር ሲጨባበጡ፣ ከሥራቸው አንድ ጥቁር ቤተሰብ የሞተ ልጁን አቅፎ ተኮራምቶ የሚታይበትን ሥዕል አወጣ። «ከባርነት የከፋ» የሚል ተጽፎበታል። እያሰብኩት ግራ ይገባኛል። ሲጠቁ ያዝንላቸዋል፣ ወንበር ሲይዙ ይጸየፋቸዋል። ዲሴምበር 9 ቀን 1876 ደግሞ ሚዛን ሣለ። በአንዱ ሳህን ላይ ጥቁር ሰው፣ በሌላው ላይ አየርላንዳዊ። ሁለቱም እንደ እንስሳ። ሚዛኑ እኩል ነው፣ ርዕሱም ስለ «መሃይም ድምፅ» ነው።

አየርላንዳውያኑን እንዴት እንደሣላቸው ጽሑፋችሁ አንድ ቃል አላለም። ሴፕቴምበር 2 ቀን 1871፣ ማለትም ከዚያ ከምትወዱት የክብ ሥዕል ሁለት ሳምንት በኋላ፣ አንድ ሥዕል አወጣ። የባሩድ በርሜል ላይ አንድ ፍጡር ተቀምጧል፣ ጠርሙስ በእጁ። ይህን ሥዕል አንድ ጊዜ በስልኬ ለጓደኛዬ አሳየሁት። ሳቀ። «ይሄ ዝንጀሮ ደግሞ ምንድነው?» አለኝ። ዝንጀሮ አይደለም፣ አየርላንዳዊ ነው አልኩት። ስልኩን ከእጄ ተቀብሎ አቀረበው፣ አሳደገው፣ ፊቱን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ምንም ሳይናገር መለሰልኝ። አየርላንዳውያን በኒው ዮርክ ብዙዎቹ ድሆች ነበሩ፣ ሥራና እንጀራ የሚያገኙት በታማኒ በኩል ስለነበር ድምፃቸውም የታማኒ ነበር። ናስት ለትዊድ የነበረው ጥላቻ ወደ መራጮቹ ሁሉ ተሻገረ።

በዚያው ወር መጨረሻ የወጣውን የወንዝ ሥዕል ያየ ሰው አይረሳውም። ሰበቡ የትምህርት ቤት ገንዘብ ክርክር ነው፣ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ከመንግሥት ይደገፉ አይደገፉ የሚል። ናስት ምን ሣለ? ከወንዙ ወደ ዳር አዞዎች ይሳባሉ። ሕፃናት ተሸማቀው ዳር ላይ ተቃቅፈዋል። አዞዎቹን ትኩር ብላችሁ ስታዩአቸው ጳጳሳት ናቸው። የአዞው የተከፈተ አፍ የጳጳሱ አክሊል ነው፣ ጥርሱ የአክሊሉ ጌጥ ነው። እንደ ሥዕል ካያችሁት ሊቅ ነው የሠራው። ለሁለት ሦስት ሰከንድ አዞ ብቻ ነው የሚታያችሁ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ፊቶቹ ይወጣሉ፣ ከዚያ በኋላ አዞውን ብቻ ማየት አትችሉም። ሰምና ወርቁ እንዲህ ሆኖ የተገጠመ ሥዕል አላውቅም። ወርቁ ግን መርዝ ነው። በወቅቱ በጀልባ ከረሃብ ሸሽቶ መጥቶ ልጁን በእምነቱ ትምህርት ቤት ሊያስተምር ለሚፈልግ አባት፣ ይህ ሥዕል በየሱቁ መስኮት ተንጠልጥሎ ሲያየው ምን ይሰማው ነበር?

ናስት ብቻ አይደለም። በሳን ፍራንሲስኮ ዘ ዋስፕ የሚባል ባለ ቀለም መጽሔት ነበር፣ በ1876 የተመሠረተ። ዋናው ሠዓሊው ጆርጅ ፍሬድሪክ ኬለር ይባላል። በኦገስት 1882 የካሊፎርኒያን እርሻ፣ መርከብና ማዕድን ሁሉ በክንዶቹ የጠቀለለ ግዙፍ ኦክቶፐስ ሣለ። ኦክቶፐሱ የባቡር ኩባንያው ነው። ዓይኖቹ ውስጥ የባለቤቶቹ የሌላንድ ስታንፎርድና የቻርልስ ክሮከር ምስል አለ። ድፍረት ነው! እነዚያ ሰዎች ግዛቱን በሙሉ በኪሳቸው የያዙ ነበሩ። ከዚያ ዘጠኝ ወር ቀደም ብሎ ግን፣ ኖቬምበር 1881፣ ያው ኬለር የሳን ፍራንሲስኮ ወደብ ላይ ሐውልት ሣለ። የነፃነት ሐውልት ለኒው ዮርክ እየተዘጋጀ ነበርና ለእኛም ይሄ ይሁነን የሚል ነው። ሐውልቱ ቻይናዊ ነው። ልብሱ ተቦጫጭቋል፣ እግሩ የራስ ቅል ላይ ቆሟል፣ ከራሱ ዙሪያ በሚወጣው ብርሃን ላይ ቆሻሻ፣ በሽታ፣ ብልግና፣ የነጭ ሠራተኛ ጥፋት የሚሉ ቃላት ተጽፈዋል። በሚቀጥለው ዓመት ሜይ 1882 ቻይናውያን ሠራተኞች አሜሪካ እንዳይገቡ የሚከለክለው ሕግ ጸደቀ። ያንን የባቡር ሐዲድ ተራራ እየፈለፈሉ የዘረጉት እኮ ቻይናውያን ናቸው! ኬለር ባለ ሐዲዱንም ሐዲድ ዘርጊውንም በአንድ ብሩሽ ጭራቅ አደረጋቸው።

አንዳንድ ሰው «ዘመኑ ነው፣ ያኔ ሁሉም እንዲህ ነበር» ይላል። እኔ አልቀበለውም። ማስረጃዬ ራሱ ናስት ነው። ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1871 ናስት የሣለው የቻይናውያን ጉዳይ ሥዕል አለ። አንድ ቻይናዊ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል፣ ድንጋይና ዱላ የያዘ ሕዝብ ከጎን ይመጣል፣ ኮሎምቢያ እጇን ራሱ ላይ አድርጋ እጃችሁን አንሱ፣ አሜሪካ ለሰው ሁሉ ፍትሐዊ ናት ትላቸዋለች። ግድግዳው ላይ በቻይናውያን ላይ የተለጠፉ ስድቦች አንድ በአንድ ይነበባሉ። እንዲህ የሚያይ ዓይን ነበረው ማለት ነው። ስለዚህ አላወቀም ብዬ ላልፈው አልችልም። የሐርፐርስ ዊክሊ አዘጋጅ ጆርጅ ዊልያም ከርቲስም በዚያው ዘመን የኖረ ሰው ነው፣ እሱ እንኳ ናስት ሰውን ሲያዋርድ ለቀቅ እንዲያደርግ ደጋግሞ ይለምነው ነበር።

ስለ ፓክ ብዙም አልላችሁም፣ ምክንያቱም እናንተ በደንብ ጽፋችሁታል። በእንግሊዝኛ ከ1877 ጀምሮ በ10 ሴንት የሚሸጥ፣ ድንጋይ ላይ እየተሣለ በቀለም የሚታተም፣ ከቪየና የመጣው ጆሴፍ ኬፕለር የመሠረተው መጽሔት ነው። በ1884 የፕሬዚዳንት ዕጩውን ጀምስ ብሌንን ገላው በሙሉ በቅሌቶቹ ዝርዝር የተነቀሰ ሰው አድርጎ አቀረበው። ብሌን ኒው ዮርክን በአንድ ሺህ ምናምን ድምፅ አጥቶ ፕሬዚዳንትነቱ አመለጠው። ያንን የሣለው በርንሃርድ ጊላም ጥቂት ቆይቶ የሪፐብሊካኖቹ ወገን ወደሆነው ወደ ጃጅ መጽሔት መሄዱን ግን አልጠቀሳችሁም። የ1889ኙን የሴኔት ሥዕል፣ ሆዳቸው የገንዘብ ከረጢት የሆነ ግዙፍ ባለሀብቶች ከኋላ ቆመው፣ ሴናተሮቹ እንደ ተማሪ አንሰው፣ የሕዝብ መግቢያ የሚለው በር ተቸንክሮ የሚታይበትን፣ ማውጣታችሁ ትልቅ ነገር ነው።

ከኬፕለር ሥዕሎች እኔ የምወደው ሌላ ነው። ጃንዋሪ 11 ቀን 1893 የወጣ። አንድ ድሃ ስደተኛ ጓዙን ተሸክሞ ከመርከብ እየወረደ ነው። አምስት የደላቸው ሰዎች፣ ወፍራም ካፖርት የለበሱ፣ እጃቸውን ዘርግተው ተመለስ ይሉታል። ከኋላቸው ግድግዳው ላይ ጥላቸው ይታያል። ጥላው ግን የእነሱን ልብስ አልለበሰም። ጓዝ የተሸከመ፣ የተጎሳቆለ፣ ራሳቸው ወይም አባቶቻቸው በመጡበት ቀን የነበሩትን ይመስላል። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ስላላዞሩ አያዩትም። ኬፕለር ስደተኛ ነው። ከእንግሊዝ የመጣው ጊላም ስደተኛ ነው። ናስትም ጀርመን ላንዳው ተወልዶ በ1846፣ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ነው ኒው ዮርክ የገባው። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቆ ነው የመጣው። ያንን የአዞ ሥዕል ሲሥል የገዛ ጥላውን አላየውም።

ናስትን ጣሉት አልልም። እኔም አልጥለውም። የሪፐብሊካን ፓርቲ ምልክት የሆነው ዝሆን የእሱ ነው፣ በ1874 ያወጣው። የገና አባት ዛሬ የምናውቀውን መልክ እንዲይዝ ካደረጉት አንዱ እሱ ነው። በመጨረሻ በ1884 ገንዘቡን ያስቀመጠበት ድርጅት አጭበርብሮ ሲወድቅ ባዶ እጁን ቀረ፣ በ1886 መጽሔቱን ለቀቀ፣ በ1902 ኢኳዶር ጓያኪል ቆንስል ሆኖ ተልኮ ጥቂት ወራት ሳይቆይ በቢጫ ወባ ሞተ። ሕይወቱ አሳዛኝ ነው። ግን ጋዜጣችሁን የሚያነቡ ወጣት ሠዓሊዎች አሉ፣ አውቃለሁ። የክቡን ሥዕል ብቻ አሳይታችሁ ከተዋችኋቸው፣ ስም ያለውን አንድ ሌባ ከነደረሰኙ የመሣልና አንድን ሕዝብ በሙሉ ዝንጀሮ አድርጎ የመሣል ልዩነት የት ጋ እንደሆነ ማን ይነግራቸዋል?

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። በሚቀጥለው እትማችሁ ግማሽ ገጽ ስጡንና የ1865ቱን ባለ አንድ እግር ወታደርና የ1876ቱን ሚዛን ጎን ለጎን አውጡ። ሥዕሎቹ አሮጌ ስለሆኑ የባለቤትነት መብት አያግዳችሁም፣ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም ብዙዎቹን በጥሩ ጥራት በነፃ አስቀምጧቸዋል። ቦታ ከተረፈ የኬፕለርን ጥላዎች ጨምሩበት። ከሥዕሎቹ ሥር ያለውን ጽሑፍ እኔ እተረጉምላችኋለሁ። የኦሩርክንም ስም የሆነ ቦታ ላይ ጻፉልኝ።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ